በጥንቃቄ የፈረሰው ቤተ መቅደስ

የምሠራበት ሙዚየም ውስጥ አንድ የፈረሰ ጥንታዊ የቡድሃ ቤተ መቅደስ አለ። ዝም ብሎ የፈረሰ አይደለም፤ ታድሶ የፈረሰ ነው። ድንጋዮቹ ከብዙ ዘመን በፊት ከእስያ በመርከብ ተጭነው ወደ አሜሪካ መጡ። ማን ፈቅዶ እንዳመጣቸው የሚገልጸው ጽሑፍ በጣም በትንንሽ ፊደላት ተጽፎ ከጉልበት በታች ስለተለጠፈ፣ አንብቦ የጨረሰ ጎብኚ እስካሁን አላየሁም። ከዚያ መጋዘን ውስጥ ተረስተው ኖሩ። በመጨረሻ አንድ ባለጸጋ ገንዘብ ሰጡና ባለሙያዎች ተሰብስበው መቅደሱን መልሰው ገነቡት፤ ግን እስከሚፈርስበት ድረስ ብቻ። ጣሪያው በአንድ ማዕዘን ክፍት የተተወው ሲገኝ እንደዚያ ስለነበረ ነው። ከበሩ በላይ ያለው ስንጥቅ ተጠንቶ፣ ተለክቶ፣ ባለበት እንዲቆይ ተደረገ። የጎደለው ድንጋይ በሲሚንቶ ተተካ። ሲሚንቶው ጎብኚውን እንዳያታልል ቀለሙ ከድንጋዩ ለየት እንዲል ተደረገ፤ ከዚያ ደግሞ ዓይን እንዳይረብሽ ትንሽ ግራጫ ተቀባ።

እኔና አክስቴ ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ኬንት የምንኖርበት አፓርታማ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ውሃ ሲጠጣ ከርሞ ግማሹ ከወደቀ ቆይቷል። አከራያችን ስንደውልለት «እያየሁት ነው» ይላል። ሰውዬው ሰነፍ ሳይሆን የቅርስ ባለሙያ መሆኑ የገባኝ ሙዚየም ከተቀጠርኩ በኋላ ነው።

ዲግሪዬ በታሪክ ነው። ስለዚህ ሙዚየሙ ኮት ተቀባይ አድርጎ ቀጠረኝ። የሲያትል ሰው ጃንጥላ መያዝ የሚያዋርደው ስለሚመስለው ኮቱ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው፤ ስለዚህ ሥራ አላጣሁም። ኮት ክፍሉ መስኮት የለውም። በግድግዳው በኩል ግን አስጎብኚዎቹ ስለ መቅደሱ ሲያወሩ ይሰማኛል። አንዳንዴ ይሳሳታሉ። እኔ የሰው ኮት ታቅፌ፣ ለተንጠለጠሉት ኮቶች ትክክለኛውን እነግራቸዋለሁ። ኮቶች ጥሩ አድማጮች ናቸው፤ «ትንሽ ጮክ በዪ» አይሉም።

ችግሬ ይኸው ነው፤ ድምፄ። አገር ቤት ሳድግ «ጨዋ ልጅ ናት፣ ድምጿ አይሰማም» መባል ምስጋና ነበር። እንግዶች ለእናቴ እንደዚያ ሲሏት ደስ ይላት ነበር፤ እኔም ምስጋናውን እንዳላጣ ብዬ በርትቼ ሠራሁበት። እዚህ ስደርስ ያው ችሎታ «ሊሻሻል የሚገባው ነጥብ» ተባለ።

አንዷ አስጎብኚ ወደ ሌላ ከተማ ስትዛወር ቦታዋ ክፍት ሆነ። አመለከትኩ። በሕይወቴ ከፈጸምኳቸው ደፋር ሥራዎች አንዱ ነው፤ በኢሜይል ስለነበረ። የአስጎብኚዎቹ አለቃ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ፈገግ የምትል አሜሪካዊት ናት። ለሙከራ ሁለት ጊዜ እንዳስጎበኝ ፈቀደችልኝና ሁለቱንም ጊዜ ከኋላ ቆማ አዳመጠች፤ ማለቴ ለማዳመጥ ሞከረች። ሁለተኛውን ስጨርስ ይዘቱ ድንቅ መሆኑን፣ ከሁለተኛው ረድፍ የቆመ ሰው ቢሰማው ደግሞ የበለጠ ድንቅ እንደሚሆን ነገረችኝ። አሜሪካውያን ክፉ ወሬ ሲነግሩሽ እንደ ስጦታ ጠቅልለው ነው። አንድ የመጨረሻ ሙከራ እሑድ ከሰዓት እንደሚኖረኝ፣ ካልሆነ ግን ቦታው ለሌላው አመልካች እንደሚሰጥ ጨመረችልኝ። ሌላው አመልካች መሀል ከተማ፣ ካፒቶል ሂል የሚባል ሰፈር የሚኖር ቴአትር የተማረ ወጣት ነው። ስለ ቡድሃ የሚያውቀው ከኢንተርኔት ያነበበውን ያህል ነው፤ ድምፁ ግን መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማል።

ይህን ቦታ እንዴት እንደፈለግሁት ለማንም አልተናገርኩም። ብናገርስ ማን ይሰማኛል። ያኔ ግን ካላገኘሁት ዕድሜ ልኬን በግድግዳ በኩል የሰው ስህተት ሳርም እንደምኖር ታውቆኝ ነበር።

ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ድምፄ ካልደረሰ ጣቴ ይድረስ አልኩ። ስለ ድንጋዩ ሳወራ ጣቴን በደንብ ዘርግቼ ድንጋዩን ባሳይ፣ ከኋላ ያለው ሰው ባይሰማም ያያል። ኮርኒሱ በወደቀው መታጠቢያ ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩ። አክስቴ በሩን አንኳኩ።

«ለማን ነው የምትንሾካሾኪው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። የመጨረሻ ሙከራ መሆኑንም ነገርኳቸው። ሰው የሚፈራው ብቻውን ሲቆም እንደሆነ፣ ከጀርባው የራሱ ሰው ካለ ድምፁ እንደሚወጣ አስረዱኝ። እባክዎ እትዬ አይምጡ፣ የባሰ እፈራለሁ ብዬ ለመንኳቸው። «ኦኬ» አሉ። አክስቴ «ኦኬ» ሲሉ «ተናግረሽ ጨረስሽ?» ማለታቸው ነው።

እሑድ መጡ። ከቅዳሴ በቀጥታ ነው የመጡት፤ አንዲት የማኅበር ጓደኛቸው በመኪና ጣል አድርጋቸዋለች። ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ከጠዋት ጀምሮ የቆሙበት እግራቸው እያነከሰ፣ የመቅደሱ አዳራሽ መግቢያ ላይ ብቅ አሉ። እኔ ወደ ሥራ ሄድኩ ስል የሚያውቁት ሙዚየም የሚባል ትልቅ ቤት እንዳለ ብቻ ነው። ውስጡ ያለውን መቅደስ ደግሞ «አንድ የጥንት ቤተ መቅደስ» ከማለት ያለፈ ዘርዝሬ አላውቅም፤ ወይም ዘርዝሬ አልተሰማም።

አዳራሹን ያየ ሰው በአክስቴ አይፈርድም። ብርሃኑ ደብዛዛ ነው። በግድግዳው ሥር የተደረደሩት ሻማዎች የኤሌክትሪክ ናቸው፤ ነፋስ እንዳገኛቸው ሁሉ የሚርገበገቡት ኮምፒውተር እያዘዛቸው ነው። ከጣሪያው የተቀዳ የመነኮሳት ዜማ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከበሩ ወዲያ፣ ጨለማው ውስጥ፣ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠ የድንጋይ ምስል አለ፤ ራሱ ጠፍቷል። ሙዚየሙ ጎብኚው «ቅዱስ ቦታ የገባ ያህል እንዲሰማው» ብዙ ገንዘብ አውጥቷል። እንዲሰማው እንጂ እንዲያምነው ግን አልታሰበም።

ጎብኚዎቹ ተሰበሰቡ። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስቶች፣ የስፖርት ምንጣፏን ጠቅልላ በትከሻዋ ያንጠለጠለች ሴት፣ ሁሉንም ነገር በስልኩ የሚቀርጽ ወጣት። አለቃዬ ታብሌቷን ታቅፋ ከኋላ ቆመች። «እንደሌለሁ ቁጠሪኝ» አለችኝ። ይህን የሚለው በጣም ያለ ሰው ብቻ ነው። አክስቴን ከሰው መሀል አየኋቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ አላዩም። ጫማቸውን አውልቀው፣ ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን አስተካክለው እያስቀመጡ ነበር። ካልሲያቸው ነጭ ነው።

ጀመርኩ። ስለ መቅደሱ ዘመን፣ ስለ ድንጋዩ ዓይነት፣ ስለ ጣሪያው ተናገርኩ። ሁለተኛው ረድፍ ወደ ፊት አጎነበሰ። ከዚያ የበሩ መቃን ጋ ደረስኩ፤ የምወደው ክፍል። በቀኝ በኩል፣ በሰው ትከሻ ልክ፣ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ለስልሷል። ለብዙ ዘመናት ምእመናን ሲገቡ እየዳሰሱት፣ ግንባራቸውን እያስነኩት ነው እንደዚያ የሆነው። ከአስጎብኚዎች ጽሑፍ ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር «የእምነት አሻራ ነው፤ እባክዎ አይንኩ» ይላል። የሙዚየም አስተሳሰብ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ሰው ስለነካው ውድ ሆነ፣ ውድ ስለሆነ ሰው አይነካውም።

ጣቴን ዘርግቼ ያንን የለሰለሰ ቦታ አሳየሁ። የዓረፍተ ነገሩ የመጀመሪያ ክፍል ወጣልኝ። «እባክዎ አይንኩ» የሚለውን ከራሴ በቀር ማንም አልሰማውም። ጣቴ ግን እንደተዘረጋ ነበር።

አክስቴ እንግሊዝኛ ብዙ አይሉም፤ ጣት ግን ይገባቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አዲስ ሰው የት እንደሚሳለም ሲቸግረው እንደዚያው ነው የሚጠቆመው። ሰውን በትከሻቸው ገፋ ገፋ አድርገው መጡ፤ ሰዉም የዝግጅቱ አካል መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው። አማተቡ። ግንባራቸውን መቃኑ ላይ አስነኩ፤ ከዚያ ከንፈራቸውን። በትክክል ያሳየሁት ቦታ ላይ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳይስቱ።

አላርሙ ጮኸ።

ከዚያ ምንጣፍ ያንጠለጠለችው ሴት፣ ነገሩ አሁን የገባት ይመስል፣ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ፈታች። አጠገቧ ያሉት አዛውንት ተከተሏት። ትንሽ ቆይቶ የጥንታዊው መቅደስ ደጃፍ በካልሲ ተሞላ፤ የአንዱ ሰውዬ አውራ ጣት ካልሲውን ቀድዶ ወጥቶ ነበር። አለቃዬ ታብሌቷ ላይ መጻፍ ጀመረች።

ጥበቃው እየተጣደፈ ደረሰ። ቤተሰቡ ከኤርትራ ሲሆን አዲስ አበባ ያደገ፣ ረጅም፣ ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካ ሰው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ አንዳንዴ አብረን እንቀመጣለን። ነጠላቸውን ሲያይ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ አይነካም» አላቸው።

«አልነካሁም» አሉ አክስቴ። «ተሳለምኩ እንጂ።»

ጥበቃው ይህ መልስ መመሪያው ውስጥ የለበትም። ወደ እኔ ዞረና ያንቺ ናቸው እንዴ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ። አለቃዬን በጎን አየት አደረጋት፤ ስለ ሙከራዬ ያውቃል። ከዚያ በአማርኛ፣ ፊቱን ሳይለውጥ፣ ስለ አላርሙ የሚያስረዳኝ መስሎ፣

«አላውቃቸውም በዪ» አለኝ። «እኔ ቀስ ብዬ ካፌው ይዣቸው እሄዳለሁ፣ ሻይ እጋብዛቸዋለሁ። አንቺ ቀጥዪ።»

አክስቴ ሰምተዋል። አንድ ጊዜ አለቃዬን፣ አንድ ጊዜ ታብሌቷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። የገባቸው ያኔ ነው። ወዲያው ፊታቸውን ዘጉት፤ በሕይወታቸው አይተውኝ እንደማያውቁ ሴት ሆኑ።

«እውነቱን ነው» አሉ ለጥበቃው። «እኔም ይቺን ልጅ አላውቃትም።» ከዚያ ደግሞ ምስክር የሚያስፈልግ መስሏቸው፣ አንዲት የአማርኛ ቃል ለማይሰሙት ጡረተኞች ደገሙላቸው፦ «የማን ልጅ እንደሆነች እንጃ።»

ሐሰተኛ ምስክርነት እንደዚህ በቅንነት ሲሰጥ አይቼ አላውቅም። ጫማቸውን እንኳ ሳያነሱ፣ በነጭ ካልሲያቸው፣ እያነከሱ ከጥበቃው ጋር ወደ መውጫው ሄዱ። ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ነበር፤ የማያውቁኝ ሰው እንደዚያ ነው የሚሄደው ብለው ይመስለኛል።

ከእኔ የሚጠበቀው ዝም ማለት ብቻ ነበር። በዚህ ደግሞ ዲግሪ ባይኖረኝም ሰፊ ልምድ አለኝ። ዝም ካልኩ ጉብኝቱ ይቀጥላል፤ አንዲት አሮጊት ተሳስተው መቃን ሳሙ፣ ተሸኙ፣ አበቃ። የሚጮኸው ዶሮ እንኳ አልቀረም፤ አላርሙ አስቀድሞ ጮኋል።

«እትዬ» አልኩ።

ስለ መቅደሱ በጥናት ከተጻፉት ነገሮች አንዱ ድንጋዩ ለዜማ ታስቦ እንደተጠረበ፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው ድምፅ ተሰብስቦ እንደሚመለስ ይናገራል። ይህንንም ለጎብኚዎች እነግር ነበር፤ ማረጋገጫ ግን አግኝቼ አላውቅም። ድምፄ መቃኑን መታና ጉበኑን ዞሮ መጣብኝ። ስልኩን የያዘው ወጣት ደነገጠ። አክስቴም ቆሙ፤ ዘወር ግን አላሉም፤ እስካሁን አያውቁኝማ።

ወደ እንግሊዝኛ ተመለስኩ፤ ድምፄ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። እኚህ ሴት አክስቴ ናቸው አልኩ። ጣቴን ተከትለው ነው የመጡት፤ አይነካም ያልኩትን ግን እንኳን እሳቸው እናንተም አልሰማችሁም፤ ስለዚህ አሁን እደግመዋለሁ፤ ይህ መቃን አይነካም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን ሰው ጫማውን አውልቆ፣ መቃኑን ሳይሳለም አይገባም። አሁን ያደረጉት ሌላ አይደለም፤ ድንጋዩን ያለሰለሰው ይኸው ነው። ለዘመናት እንደዚህ የደከመው፣ እግሩን ያመመው ሰው ሁሉ በዚህ በር ሲያልፍ ያደረገውን ነው ያያችሁት፤ ዛሬ ካየነው ነገር ሁሉ ያልታደሰው እሱ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ ውስጥ አልነበረም። አለቃዬ መጻፏን አቁማ ነበር። እኔ ግን ድምፄን አንዴ ካገኘሁት አይቀር ብዬ ጉብኝቱን እስከ መጨረሻው አስጨረስኩ። ሁሉም በካልሲ ነበሩ። አክስቴ ከጥበቃው ጋር መውጫው ላይ ቆመው አዳመጡ፤ አንድም ቃል እንዳልገባቸው አውቃለሁ፣ ግን ልክ በሆነ ቦታ ሁሉ አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ጎብኚዎቹ ሲሄዱ የቅርስ ጠጋኙ ተጠራ። ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ ጥጥና ትንሽ የእጅ ባትሪ ይዞ፣ የቀዶ ሐኪም ፊት አድርጎ መጣ። መቃኑ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ፣ ሴትየዋ ከንፈራቸው ላይ ምን ነበር ብሎ በእኔ በኩል አስጠየቀ። ቫዝሊን መሆኑን ነገርኩት።

«ንጹሕ ነው በዪው» አሉ አክስቴ፤ ካፌው የተገዛላቸውን ሻይ ይዘው። «ለሕፃን የሚቀባ ነው።»

ተረጎምኩለት። እንዳልተጽናና ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

አለቃዬ ወደ ጎን ወሰደችኝ። ድምፅ እንዳለኝ እንደማታውቅ ነገረችኝ። እኔም አላውቅም ነበር አልኳት። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እሑድ የእኔ እንደሚሆን፣ ጎብኚዎቹ ሲወጡ እንደዚህ የሚነካ ጉብኝት አይተው እንደማያውቁ እንደነገሯት፣ በተለይ ደግሞ የጫማው ነገር ግሩም ሐሳብ እንደነበረ ጨመረች። ሐሳብ አልነበረም ልላት ፈልጌ ተውኩት። በዚያው ሳምንት ከሙዚየሙ ሁለት መልእክት ደረሰን። የጥበቃ ክፍሉ አክስቴ ላልተወሰነ ጊዜ ወደ መቅደሱ አዳራሽ እንዳይገቡ ከለከለ። የዝግጅት ክፍሉ ደግሞ አክስቴ በየወሩ ወደ መቅደሱ አዳራሽ መጥተው ለጎብኚዎች ስለ ልማዳቸው እንዲያሳዩ ጋበዘ። ሁለቱ ክፍሎች የሚሠሩት አንድ ፎቅ ላይ ነው፤ በሮቻቸው ፊት ለፊት ናቸው።

ግን ከዚያ በፊት፣ የዚያኑ እሑድ፣ አውቶብስ ውስጥ ወደ ኬንት ስንመለስ፣ አክስቴ ደስታቸውን አጣጥመው ከጨረሱ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አላቸው።

«ለመሆኑ የማን ቤተ መቅደስ ነው?»

«የቡድሃ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ወደ ከንፈራቸው ወስደው ጠረጉ።

«ራስ የሌለው፣ የተቀመጠውስ?»

«እሱ ነው።»

«እኔ ራሱን የተቆረጠ ሰማዕት መስሎኝ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬያለሁ እትዬ። አልተሰማም እንጂ።»

ሊቆጡኝ ፈልገው ነበር፤ ሳቅ ቀደማቸው። ከሳቁ በኋላ ደግሞ በእውነት አዘኑ፤ ከቅዳሴ ወጥቶ ወዲያው እንደዚያ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። እቤት እንደደረስን ንስሐ አባታቸውን ኮል አድርጊልኝ አሉኝ። ስልኩን ይዘው መኝታ ቤት ገቡ። አባ መጀመሪያ ስቀው ነበር መሰለኝ፣ ድምፃቸው በሩን አልፎ መጣ። ቢስቁም ግን ንስሐውን አልተዉላቸውም፤ ስግደት አዘዙባቸው።

አክስቴ ከመኝታ ቤት ሲወጡ ፍርዱን ራሳቸው አሻሽለውት ነበር። «ጣቱ ያንቺ፣ ከንፈሩ የኔ» አሉኝ። «እኩል እንካፈላለን።» እኔ ሥራ ያገኘሁበትን ኃጢአት እንዴት እምቢ እላለሁ። መታጠቢያ ቤቱ አጠገብ፣ አከራያችን እያየው ባለው ኮርኒስ ሥር፣ ሁለታችን ጎን ለጎን ሰገድን። እሳቸው እግራቸውን እያመማቸው ከእኔ ቀድመው ጨረሱ።

ወርኃዊውን ግብዣ አልተቀበሉም። የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን እንዳላቸው፣ እዚያ ደግሞ ለመሳለም ማንም አላርም እንደማያስጮህባቸው ንገሪልኝ አሉኝ። ነገርኩ። የዝግጅት ክፍሉ «ውሳኔያቸውን እናከብራለን» ብሎ ሲመልስ የጥበቃ ክፍሉ አሁንም እንደከለከላቸው ነው።

አሁን እሑድ እሑድ መቃኑ ጋ ስደርስ እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ እቆማለሁ። የለሰለሰው ቦታ የት እንዳለ በቃል እናገራለሁ። አይነካም እላለሁ፤ መጀመሪያ አንድ ጊዜ፣ መጨረሻም ላይ አንድ ጊዜ። ቴአትር የተማረው ወጣት ኮት ክፍሉን ይዟል። ግድግዳው ድምፄን እንደማይከለክለው፣ ኮት ሲያንጠለጥል እያንዳንዱን ቃል እንደሚሰማ ነግሮኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስለ ጣሪያው የተናገርኩት አንድ ነገር ትክክል እንዳልመሰለው በትህትና ጠቆመኝ።